ሳይወድ ወደ ሐኪም ቤት ስለ ገባ ሕመምተኛና ስለ ዘመዶቹ

እግሩ የተሰበረ ወይም ወባ የያዘው ሰው ሕመሙን ራሱ ያውቃል፤ ውሰዱኝ፣ እርዱኝ ብሎ ዘመዶቹን ይለምናል። ብርቱ ያእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይልም። በሽታው የገባው ነገርን በሚመረምርበት በራሱ አሳብ ውስጥ ነውና፣ እኔ ደኅና ነኝ፤ የታመማችሁስ እናንተ ናችሁ ይላል። ስለዚህ ከሕመምተኞች ኹሉ ተለይቶ ሳይወድ በሰው እጅ ተይዞ፣ አንዳንድ ጊዜም ታስሮ፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚገባ እርሱ ነው። ሌላው ሕመምተኛ በር ሲዘጋ ብርድ እንዳይገባ ነው ብሎ ያስባል፤ እርሱ ግን በሩ የተዘጋው እርሱ እንዳይወጣ መኾኑን ያውቃል።

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ነገር ይህ ነው። ሳይወድ የገባው ሰው በዚያ ቤት እንዴት ይኖራል? ያስገቡትስ ዘመዶቹ ምን ማድረግ ይገባቸዋል? ብዙ ሰዎች ስለ ዕብደት ሲናገሩ በምክንያቱ ብቻ ይከራከራሉ፤ አንዱ ርኩስ መንፈስ ነው፣ ኹለተኛው ክፉ ሰው መድኃኒት አዙሮበት ነው፣ ሦስተኛው ትምህርት በዝቶበት ነው ይላል። (ትምህርት የሚያሳብድ ቢኾን ኖሮ ፊደል ያልቈጠሩ ኹሉ በደኅና በኖሩ ነበር።) እኛ ግን ስለ ጠባይ እንጽፋለን። ምክንያቱ ምንም ቢኾን የታመመው ሰው ዛሬ ማታ በአንድ ስፍራ ያድራል፤ እንዴት እንደሚያድርም የሚወስኑት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ምሳሌ ይኾነን ዘንድ በእንጅባራ ከተማ፣ ሰዉ ኮሶበር እያለ ሲጠራት በኖረችው በዚያች ብርዳም ከተማ፣ አንድ ወጣት እናስብ። ዕድሜው 23 ዓመት ነው፤ ትምህርቱንም ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል። እንቅልፍ ካጣ ሦስት ሳምንት ኾኖታል። ጎረቤቶች በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ ይሰልሉኛል ይላል፤ እናቱ የምታቀርብለትን እንጀራ መርዝ አለበት ብሎ ይተዋል፤ በሌሊት እየወጣ ያለ ጋቢ ይዞራል። አንድ ቀን የጎረቤቱን ልጅ በድንጋይ ፈነከተ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የቤተ ሰቡ ብቻ ሳይኾን የሰፈሩ ኹሉ ኾነ፤ ሽማግሎች ተሰበሰቡ፤ ገመድም መጣ። ይህ ወጣት ምሳሌ ነውና ስም የለውም፤ ነገር ግን ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ ከሚኖሩት ሰዎች ይህን ሲያነብ የሚያውቀው ሰው ትዝ የማይለው ጥቂት ነው።

ስለ ገመድ

ገመድ የሚያነሣ ሰው ኹሉ ጨካኝ አይደለም። ይህን አስቀድመን መናገር ይገባናል፤ በከተማ ተቀምጦ ልጇን ያሰረችውን የገጠር እናት መንቀፍ ቀላል ነውና። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ተመራማሪዎች ታስረው ስለሚኖሩ ሕመምተኞች ቤተ ሰቦቻቸውን ጠይቀው፣ ያገኙትን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. አሳትመዋል። ያገኙትም ነገር የሚያሳዝን ነው። የሚያስሩት ሌላ መንገድ ያጡ ዘመዶች ናቸው። ወጥቶ እንዳይጠፋ፣ ሰው እንዳይመታ፣ ሰውም እርሱን እንዳይመታው ብለው ያስሩታል፤ እርሻቸውን ትተው ቀንና ሌሊት ሊጠብቁት አይችሉምና። ዋናው ጕድለት የፍቅር ማጣት ሳይኾን በቅርብ የሚገኝ ሕክምና ማጣት ነው። በዚያው አካባቢ በቡታጅራ ቀደም ብሎ በተደረገው ምርመራ፣ ብርቱ ያእምሮ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ የሐኪም መድኃኒት አልቀመሱም ነበር።

ሕጋችንም ይህን ነገር ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 342፣ ከኹለት ሺሕ ሰው በታች በሚኖርበት ስፍራ፣ ዘመዶቹ ወይም አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ስለ አእምሮው ኹኔታ የሚጠብቁትንና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የከለከሉትን ሰው ዕብደቱ እንደ ታወቀ ሰው ይቈጥረዋል። ይህ ማለት ሕጉ ገመዱን ባርኮታል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አታልሎ ውል እንዳያስፈርመው፣ ርስቱንም እንዳይነጥቀው ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። ነገር ግን ሕግ ጻፊዎቹ በገጠር ያለው ሕመምተኛ በብዙ ስፍራ በሐኪም ፈንታ በጠባቂ እጅ እንደሚኖር ዐውቀው እንደ ጻፉ ያሳያል።

ገመድ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ለአንድ ሌሊት ተብሎ ይታሰራል፣ ከዚያም ሳይፈታ ዓመት ይኾነዋል። የታሰረ ሰው ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውም ለዘመዶቹ ዕረፍት ይኾናል፤ ዕረፍታቸውም የዳነ ያስመስለዋል። እንግዲህ መኪና እስኪገኝ ድረስ ሌላ መንገድ ጠፍቶ ሰው ቢታሰር፣ ያሰረው ሰው ሰዓቱን ይቍጠር። ሥጋ በሚቈርጥ ሽቦ ወይም በሲባጎ አይሰር፤ ሲበላና ሲጠጣ እጁን ይፍታለት፤ በብርድ መሬት ላይ አያስተኛው፤ ብቻውንም ጨርሶ አይተወው። ከኹሉ ይልቅ ሕፃናት ሊያዩት ሊሥቁበትም እንዳይመጡ በሩን ይጠብቅ።

በማርቆስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው ሰው ብዙ ጊዜ በእግር ብረትና በሰንሰለት ታስሮ እንደ ነበር ተጽፏል። አንባቢዎች ብዙውን ጊዜ ሰንሰለቱን ስለ መበጣጠሱ ይደነቃሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ብለን ብንጠይቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ያሰሩት ሰዎች ከማሰር በቀር ሌላ ምን ሞከሩለት? በፈረንሳይ አገር በቢሴትር በነበረው የዕብዶች ቤት ዣን ባቲስት ፒዩሳን የሚባል አለቃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1797 ዓ.ም. ሕመምተኞቹን ከሰንሰለት ፈታቸው፤ ይህ ሰው ሐኪም አልነበረም፤ ቀድሞ ራሱ በዚያ ቤት ታሞ የተኛ ሰው ነበር እንጂ። ሐኪሙ ፒኔልም ከእርሱ ተምሮ በሌላው ቤት እንዲሁ አደረገ። ዓለም የሚያመሰግነው ሐኪሙን ነው።

ስለ ሐሰት

አኹን ወደ ወጣቱ እንመለስ። ዘመዶቹ ሐኪም ቤት ይሂድ ብለው ቈረጡ። እንዴት ይውሰዱት? እዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚደረገው አንድ ነው፤ ይዋሹታል። የአጎትህ ልጅ ሠርግ አለ ይሉታል፤ ወይም አዲስ አበባ ሥራ ተገኝቶልሃል ይሉታል። ልብሱን አጥቦ፣ ጠጕሩን ተቈርጦ፣ ደስ ብሎት መኪና ላይ ይወጣል። መንገዱ ረዥም ነው፤ ከእንጅባራ አዲስ አበባ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርጎ፣ የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህን ኹሉ መንገድ ስለ ሠርጉ እያወራ ይሄዳል። ከዚያ መኪናው በአንድ ትልቅ በር ላይ ይቆማል፤ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ፤ ወንድሙም ዓይኑን ወደ ምድር ይሰብራል።

ይህን ሐሰት ብዙ ደጋግ ሰዎች ለመልካም የተደረገ ነው ብለው ያጸድቁታል። እኛ ግን ሐሰቱ ኀጢአት ነው ከማለት አልፈን ሥራውን እንመልከት። የዚህ ሰው በሽታ ምን ነበር? ሰው ኹሉ ተማክሮብኛል፣ ያታልሉኛል፣ ያጠምዱኛል ማለት አልነበረምን? እነሆ፣ ዘመዶቹ በርግጥ ተማክረው፣ በርግጥ አታለሉት፣ በርግጥ አጠመዱት። በሽታው ሐሰተኛ ነቢይ ሳለ እነርሱ ትንቢቱን ፈጸሙለት። ከዚያ ወዲያ ሐኪሙ፣ ማንም የሚያሳድድህ የለም ቢለው እንዴት ያምነዋል? መድኃኒት የሚሰጡትም እጆች በዚያው በር ላይ የተቀበሉት እጆች ናቸው። ሕመሙ በጥቂት ሳምንት ቢቀልለት እንኳ የተዋሸው ነገር አይረሳውም፤ ብዙዎች ከዳኑ በኋላ የሚናገሩት ስለ መርፌው ሳይኾን ስለዚያ ቀን መንገድ ነው።

በሐሰት ፈንታ ምን ይባል? እውነት፣ በጥቂት ቃል፣ በሚወደው ሰው አፍ። ብዙ ሰው ከቦ አይናገረው፤ ታላቅ ወንድሙ ወይም የሚያከብረው አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ እንዲህ ይበለው። «ወንድምዬ፣ እንቅልፍ ካጣህ ሦስት ሳምንት ኾነህ፤ እህልም እንቢ ብለሃል። አንተ አልታመምሁም ትላለህ፤ እኛ ግን ፈርተናል። ነገ ወደ ሐኪም እንሄዳለን። እኔ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ሐኪሙ ተኝተህ ታከም ቢል በየቀኑ የምትጠይቀውን ኹሉ እነግርልሃለሁ፤ ትቼህም አልጠፋም።» ምናልባት ይቈጣል፤ ምናልባትም አልሄድም ይላል። ቢቈጣም እንደ ተታለለ ሰው አይደለም። አልሄድም ቢልና ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሠጋ ከኾነ፣ ያን ጊዜ ጥቂት የሚያውቃቸው ሰዎች ያለ ዱላ፣ ያለ ስድብ ይያዙት፤ ሲይዙትም ወዴት እንደሚወስዱት ይንገሩት። አጎቱን፣ «አያ፣ አስጥለኝ» እያለ ቢጮኽ አጎቱ፣ «አላስጥልህም፤ ግን አብሬህ ነኝ» ይበለው እንጂ ፊቱን አያዙርበት።

እዚህ ላይ ስለ ጠበል አንድ ቃል እንጨምር። ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ሕመምተኛውን ወደ ጠበል ይወስደዋል። ይህን ልንነቅፍ አልተነሣንም፤ ነገር ግን ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መዋጥ የለበትም የሚለው አሳብ ብዙ ሰው ጐድቷል። ስለ ሌላ በሽታ ቢኾንም፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ጠበልና የኤድስ መድኃኒት አብረው ቢወሰዱ እንደማይጣሉ፣ ኹለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ኾኑ ለሕዝቡ ማስታወቃቸው ይታወሳል። ለኤድስ የተባለው ለአእምሮ ሕመም የማይኾንበት ምክንያት የለም።

ስለ ሐኪም ቤቱ

በአገራችን ያእምሮ ሕክምና ታሪክ ለረዥም ዘመን የአንድ ቤት ታሪክ ነበር። በአዲስ አበባ በመርካቶ አጠገብ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል የተሠራው በ1930 ዓ.ም. ግድም በጠላት ወረራ ጊዜ ነው፤ ከዚያም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ምድር ለአእምሮ ሕመምተኞች ብቻ የቆመ ሆስፒታል እርሱ ብቻ ነበር። ከትግራይም ከቦረናም ከአዊም የሚመጣው ሕመምተኛ ኹሉ ወደዚያ አንድ በር ይመጣ ነበር። ሰዉም ስሙን እንደ ስድብ አደረገው፤ በመንገድ ላይ የሚጣሉ ልጆች አማኑኤል ይውሰድህ ይባባላሉ፤ እንዲህ ያለ ስም ስድብ መኾኑ ለሚያስተውል የሚያሳዝን ነው። ብዙ ዘመን የተኙና ወደ ዘመዶቻቸው ያልተመለሱ ሕመምተኞች በከተማው ዳር በገፈርሳ ይቀመጣሉ። በ1979 ዓ.ም. ያእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማስተማር ተጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በዚህ ሕክምና በአገር ውስጥ መሠልጠን ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ወደ ክልሎች ወጥቷል፤ የባሕር ዳርና የጎንደር ትልልቅ ሆስፒታሎች ያእምሮ ሕመምተኞችን ያክማሉ። ስለዚህ ዛሬ የአዊ ሰው ዓባይን ከመሻገሩ በፊት በቅርብ ያለውን ሐኪም ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ።

በአልጋ ተኝቶ መታከም ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ብዙ ክፉ ነገር ያስባል፤ እውነቱ ግን አንዳንዱ ከሚያስበው ይሻላል፣ አንዳንዱም ይከፋል። ሲገባ ይፈተሻል፤ ቀበቶውን፣ ምላጩን፣ የጫማውን ማሰሪያ፣ ብዙ ጊዜም ስልኩን ይወስዱበታል። ይህ የሚደረገው ራሱን እንዳይጐዳ ነው፤ እርሱ ግን እንደ ወኅኒ ቤት ይቈጥረዋል፤ ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ከሌለ ምን ብሎ ይቍጠረው? ብርቱ ቍጣ ላይ ከኾነ መርፌ ይወጋል፤ ሲነቃ አፉ ደርቆ፣ ራሱ ከብዶ፣ ስንት ቀን እንደ ተኛ ሳያውቅ ይነቃል። በአጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ሌሊቱን የሚዘፍን አለ፤ ማዶ ደግሞ የሚያለቅስ አለ። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚከብዱት ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚከብደው ሌላ ነው፤ የጊዜው መርዘም። ቍርስ፣ ኪኒን፣ ግቢ ውስጥ መቀመጥ፣ ምሳ፣ መተኛት፣ ኪኒን። ሐኪሙ የሚመጣበት ሰዓት የቀኑ ዋና በዓል ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ።

መድኃኒቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ የመጡ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት የተጨነቀ አእምሮን እንደሚያረጋጋ በፈረንሳይ አገር ታወቀ፤ ቈይቶ ሃሎፔሪዶልና በየአራቱ ሳምንት ያህል የሚወጋው መርፌ ተከተሉ። ብዙ ሰው አድነዋል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላሉ፤ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ሰውነት ያደርቃሉ፣ ምራቅ ያዝረበርባሉ፣ አንዳንዱን ሰው ቁጭ ብሎ መቀመጥ እስኪያቅተው ድረስ ያቁነጠንጡታል። ዘመዶች ይህን አይተው ሐኪም ቤቱ ይብስ አሳበደው ይላሉ። ይህ የመድኃኒቱ ጠንቅ ነው፤ መጠኑ ቢቀነስ ወይም ሌላ ኪኒን ቢጨመርበት ብዙውን ጊዜ ይታገሣል። እርሱም ለሐኪሙ ሳይነገር አይታወቅም።

ስለ ቋንቋም እናስብ። የአዊ ሰው አማርኛ ቢያውቅም እናቱ ያስተማረችው አውንጂ ነው፤ የታመመ ሰው ደግሞ ሲጨነቅ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። አውንጂ የማያውቅ ነርስ ሰውዬው የሚናገረውን ሲሰማ ትርጕም የሌለው ቅዠት ሊመስለው ይችላል፤ እርሱ ግን ምናልባት ውኃ ስጡኝ እያለ ነው። ስለዚህ የሚያስገባው ዘመድ በመጀመሪያው ቀን የሕመምተኛው ቋንቋ ምን እንደ ኾነ ለነርሱ ተናግሮ በመዝገቡ ያስጽፍ፤ የሚያስተረጕምም ሰው ስልክ ይተው።

በዚያ ላለኸው ለአንተ

ይህን ጽሑፍ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተቀምጠህ የምታነበው ከኾነ፣ ለአንተ የሚገባውን እንንገርህ። በደል እንደ ተደረገብህ ታስብ ይኾናል፤ ምናልባትም ተደርጎብሃል። እንዲህ ኾኖም ልትታመምና ልትበደል በአንድ ጊዜ ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። የጌታችን የራሱ ዘመዶች እንኳ አእምሮውን ስቷል ብለው ሊይዙት እንደ መጡ በማርቆስ 3 ተጽፏል፤ ስለዚህ ዘመድ ኹሉ በፍርዱ አይሳሳትም የሚል የለም።

መጠየቅ መብትህ ነው። በሽታዬ ስሙ ማን ይባላል? ይህ ኪኒን ስሙ ማን ነው? ስንት ጊዜ እወስደዋለሁ? ለመውጣት ምን መኾን አለብኝ? ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም በወረቀት ጻፈው፤ የመድኃኒቱ ድካም አሳብን ያስረሳልና። በጩኸት የተጠየቀ ጥያቄ በዚያ ቤት እንደ በሽታ ምልክት ይጻፋል፤ ይህ ፍትሕ ላይኾን ይችላል፤ ነገር ግን እውነት ነው፤ ስለዚህ በዝግታ ጠይቅ፤ ዛሬ ባይመለስልህ ነገም ጠይቅ። ኪኒኑን ከምላስህ በታች ሸሽገህ ከመትፋት፣ ይህ መድኃኒት እንዲህ አደረገኝ ብለህ መናገር ይሻልሃል። የመታህ ወይም የሰደበህ ሰው ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ ለሐኪሙም ለዘመድህም ንገር። ወንጀል ሠርተህ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የገባህ ከኾነ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ትእዛዙ በየኹለት ዓመቱ ዳግመኛ እንዲመረመር ያዛልና፣ ቀኑ እንዳያልፍ ዘመዶችህን አስታውሳቸው። ኢትዮጵያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ያጸደቀችው ስለ አካል ጕዳተኞች መብት የተጻፈው የዓለም ስምምነት ያእምሮ ጕዳት ያለባቸውንም ይጨምራል።

አሜሪካዊው ክሊፎርድ ቢርስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1900 እስከ 1903 ዓ.ም. በተለያዩ የዕብዶች ቤቶች ተኝቶ ነበር። ከብዙ ጊዜ በላይ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር ኖረ፤ ሊጠይቁት የሚመጡት ዘመዶቹ መስለው የመጡ የፖሊስ ሰላዮች ናቸው ብሎ ያምን ነበርና። በ1902 ዓ.ም. ግን በሌላ ሕመምተኛ ምክር ለወንድሙ ደብዳቤ ጻፈ፤ እውነተኛው ወንድሜ ከኾንህ ይህን ደብዳቤ በእጅህ ይዘህ ና የሚል ነበረ። ወንድሙም ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ቢርስ የገዛ እጁን ጽሕፈት በወንድሙ እጅ ባየ ጊዜ ያ ኹሉ ዘመን የያዘው ጥርጥር ወደቀ። ከዚያ በኋላም ሕመሙ ወደ ሌላ ዓይነት ተለውጦ ብርቱ ቍጣ መጣበት፤ ታሰረ፣ ተመታም፤ ለአገረ ገዢውም ስለ ሐኪም ቤቶቹ አስተዳደር ጻፈ። ከወጣ በኋላ በ1908 ዓ.ም. ያየውን ኹሉ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በሚከተለው ዓመትም ያእምሮ ሕመምተኞችን ኑሮ ለማሻሻል ማኅበር አቆመ። በዚህ ታሪክ የፈወሰው ደብዳቤው ነው አንልም፤ ነገር ግን ወንድሙ ያን ቀን ደብዳቤውን ቤት ረስቶ ቢመጣ ኖሮ ምን ይኾን ነበር?

ስለ መጠየቅ

በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ዓ.ም. ሐና ሚልስ የምትባል መበለት በዕብዶች ቤት ተኛች። ኩዌከር የሚባሉት የሃይማኖት ወንድሞቿ ሊጠይቋት ቢመጡ ተከለከሉ፤ ጥቂት ሳምንትም ሳይቈይ ሞተች። በውስጥ ምን እንደ ኾነች የሚያውቅ አልነበረም። ከዚህ የተነሣ ዊልያም ቱክ የሚባል የሻይና የቡና ነጋዴ ከወንድሞቹ ጋር ተማክሮ በ1796 ዓ.ም. ያለ ሰንሰለት፣ ያለ ዱላ ሕመምተኞች የሚኖሩበት ቤት ከፈተ፤ በዚያም ሕመምተኞቹ አትክልት ይኰተኩቱ፣ ልብስ ይሰፉ፣ ከቤተ ሰብ ጋር እንደሚኖሩ ይኖሩ ነበር። እንግዲህ ጠያቂ ማለት ብርቱካን ይዞ የሚመጣ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሚያይ ዓይን ነው። ጠያቂ ያለውን ሕመምተኛ ማንም አይረሳውም።

ከአዊ አዲስ አበባ ድረስ በየሳምንቱ መመላለስ ድኻ ቤተ ሰብ አይችልም። ይህን እናውቃለን። ነገር ግን ተራ ይኾናል፤ በከተማው የሚኖር የአገር ሰው ይለመናል፤ ነርሱ በሚፈቅደው ሰዓት ስልክ ይደወላል። ስትጠይቀው ስለ በሽታው ብቻ አትናገረው። ድንቹ እንዴት እንደ ያዘ፣ ፈረሱ እንደ ወለደች፣ ማን እንዳገባ ንገረው። መቼ ትወስዱኛላችሁ ቢልህ የማታውቀውን ቀን አትንገረው፤ በመጪው ሳምንት ብለህ ከቀረህ ሠርግ አለ ብለው ከዋሹት ሰዎች አንዱ ኾንህ።

በሌለበት ደግሞ ንብረቱን አትንካ። ታሞ በተኛበት ወራት መሬቱን የሚያከራዩ፣ በሬውን የሚሸጡ፣ እጮኛውንም ለሌላ የሚድሩ ዘመዶች አሉ፤ ለምን ብትላቸው ለመድኃኒቱ ነው ይላሉ። ለመድኃኒት የተሸጠ ከኾነ በሽማግሎች ፊት ይጻፍ፤ ሲመለስም ሒሳቡ ይነገረው።

ስለ መመለስ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቍጥር 341 በሐኪም ቤት የተኛውን ሰው ዕብደቱ እንደ ታወቀ የሚቈጥረው በዚያ እስከ ተኛ ድረስ ብቻ ነው። ሕጉ በሩ ላይ ይለቀዋል፤ ሰፈሩ ግን አይለቀውም። በጌርጌሴኖን አገር የነበረው ያ ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ልቡም ተመልሶለት ተቀምጦ ባዩት ጊዜ የአገሩ ሰዎች ፈሩ ይላል ወንጌሉ። በመቃብር መካከል ሲጮኽ የለመዱት ሰዎች ደኅና ኾኖ ሲቀመጥ ደነገጡ። እርሱም ካዳነው ጋር ለመሄድ ለመነ፤ የተነገረው ግን ወደ ቤትህ ወደ ዘመዶችህ ሂድ የሚል ነበር፤ ከኹለቱ የሚከብደው ይህ ሳይኾን አይቀርም።

በቤልጅግ አገር ጌል በምትባል ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ነዋሪዎቹ ያእምሮ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየተቀበሉ አብረው ይኖራሉ፤ በማዕድ ይቀመጣሉ፣ በእርሻም ይሠራሉ። ይህ ልማድ ዛሬም አለ። እኛም ዕድርና ማኅበር አለን። በእንጅባራ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ ባለ ፈረሱ ተሰልፎ ይወጣል። ከሐኪም ቤት የተመለሰው ወጣት ከታመመ በፊት ይጋልብ ከነበረ፣ በዚያ ቀን ፈረሱን ማን ይይዘዋል? እጁ በመድኃኒቱ ይንቀጠቀጥ ይኾናል፤ ዘንድሮ ላይጋልብ ይችላል፤ ነገር ግን በሰልፉ አጠገብ ልጓም ይዞ እንዲቆም መጥራት ምንም ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ወር አደገኛ ነው። ሰውዬው ድኛለሁ ይላል፤ መድኃኒቱም ያደክመዋልና ይተወዋል፤ ዘመዶቹም ደስ ብሏቸው ዝም ይላሉ። በሽታው ግን ተኝቷል እንጂ አልሞተም፤ ብዙዎች ኹለተኛ ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት የሚገቡት በዚህ ነው። የመርፌውን ቀን በግድግዳ ላይ ጻፉት። መድኃኒቱ አላስሠራ ብሎት ከኾነ ወደ ሐኪሙ ሄዶ ይቀነስልኝ ይበል። ከኹሉም በፊት ግን ደኅና ሳለ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይህን ጠይቁት፤ «ዳግመኛ ብትታመም ማን እንዲወስድህ ትወዳለህ? ወዴትስ እንውሰድህ? ምን እንዳናደርግብህ ትሻለህ?» የሚመልሰውን በወረቀት ጻፉ፤ እርሱም ይፈርም፤ ወረቀቱም እናቱ ዕቃ በምታኖርበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።